የዶርሙ ገንዘብ ለተማሪው ይሰጥ ወይስ አልጋው ይቆይ?

መምህር፣ ከደብረ ሲና፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ሰሞኑን አንድ ወንድማችን እዚህ ግሩፕ ላይ ሐሳብ አንስቶ ነበር። ላላየው ሰው ባጭሩ ልንገር። "የዩኒቨርሲቲ ሥራ ማስተማር እንጂ ማሳደር አይደለም። ዶርሙ ይቅርና ገንዘቡ ለተማሪው ይሰጠው፤ ራሱ ከተማ ውስጥ ይከራይ" ነው ያለው። ብዙ ሰው ወዶለታል። እኔ ግን አልስማማም።

የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲን እንውሰድ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ለተማሪ የሚከራየው ደግሞ በአብዛኛው ጓሮ ያለ ሰርቪስ ቤት ነው። ያስተማርኳቸው ልጆች የተከራዩበት ገብቼ አይቻለሁ። ኮርኒስ የለውም። በግድግዳውና በቆርቆሮው መሀል እጅ የሚያስገባ ክፍተት ነበር፤ ልጆቹ በማዳበሪያ ከረጢትና በካርቶን ጠቅጥቀውታል። ሦስቱ በአንድ ፍራሽ ላይ ጋቢ ደራርበው ይተኛሉ። ምድጃ መሰካት ክልክል ነው። ከማታው 4 ሰዓት በኋላ አከራይ መብራቱን ከቆጣሪው ያጠፋዋል። እንግዲህ ለፈተና የሚዘጋጅ ልጅ በስልኩ ባትሪ ነው የሚያነበው።

ገንዘቡንም እንየው። የተማሪ የቀን ምግብ ለዓመታት በ15 ብር ሲታሰብ ኖሯል። ኋላ 22 ሆነ። 100 ብር የገባው በ2017 ነው። እስከዚያ ድረስ ጤፉም ዘይቱም ስንት ጊዜ ጨመረ? ለማደሪያ የሚሰጥ ብርም ዕጣው ይኸው ነው። የመጀመሪያው ዓመት ይበቃ ይሆናል። ከዚያ ኪራዩ ይወጣል፣ ብሩ እዚያው ይቀራል። አልጋ ግን ኑሮ ሲወደድ አይቀንስም።

ሐሳቡን ያነሳው፦
መምህር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ የኪራይ ቤቱን ጉድ ሲያወሩ የዶርሙን ዘለሉት። እኔ ከተመረቅኩ ብዙ አልቆየሁም። የግቢውን ስም አልጠራም። ስድስት ሆነን ነበር የምንኖረው፣ ተደራራቢ አልጋ ላይ። አንዱ ሌሊቱን ሙሉ ያጠናል፣ አንዱ ስልክ ያወራል፣ አንዱ ፊልም ያያል። መብራት የሚጠፋው ከተማው ላይ ሲጠፋ ብቻ ነው። ውሃ በፈረቃ ነው፤ በማይመጣበት ቀን ሽንት ቤቱ አያስገባም። ትኋኑን ተዉት፤ ፍራሹን ፀሐይ ላይ አውጥተን በላምባ እስክናጥበው ደርሰናል። ለፕሮክተሩ፣ ለዶርሙ ተቆጣጣሪ ማለት ነው፣ ስንነግረው "ለሚመለከተው አሳውቃለሁ" ይላል። በቃ።

ደግሞ ዶርም ነፃ ነው የሚል ሰው ይታረም። ወጪ መጋራት ፈርመን ነው የምንገባው። የምግቡና የማደሪያው ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪም ቢያንስ 15 በመቶው በስማችን ይመዘገባል። ሥራ ስንይዝ ከደመወዛችን ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ እንከፍለዋለን። ዕዳው የኔ ከሆነ የት እንደማድርም እኔ ልምረጥ።

እናት፣ ከመሐል ሜዳ፦
ልጄ፣ በሆነብህ አዝናለሁ። ዕዳው የአንተ ነው፣ ልክ ነህ። ግን የምትከፍለው ሥራ ስትይዝ ነው። አከራይ እስክትመረቅ ይጠብቅሃል? ወር ሲሞላ በር ላይ ይቆማል።

እኔ የመንዝ ሰው ነኝ። ትልቁን ልጄን ያስተማርኩት በግ እየሸጥኩ ነው። ሲገባ ሸጥኩ፣ ለኮምፒውተር ሸጥኩ፣ ለመመረቂያው ሸጥኩ። እነዚያን ቀኖች ቀድሜ አውቃቸው ስለነበር በጉን አደልቤ፣ ገበያ አይቼ ነው ያወጣሁት። ኪራይ ግን በየወሩ ነው። ብሩ ከመንግሥት በአንድ ወር ቢዘገይ ከየት አመጣለሁ? ዶርም ባይኖር ኖሮ ልጄ ሁለተኛ ዓመት ላይ ተመልሶ እረኛ ይሆን ነበር።

አከራይ፣ ከጠባሴ፣ ደብረ ብርሃን፦
ሁላችንንም በአንድ ዓይን አትዩን። መምህር ያዩት ዓይነት ቤት አለ፣ አልክድም። እኔ ቤት ግን ሦስት ሴት ተማሪዎች አሉ፤ ከልጆቼ ለይቼ አላያቸውም። ሲታመሙ አጥሚት የማጠጣው እኔ ነኝ።

መብራቱን በተመለከተ፣ ቆጣሪው የጋራ ነው። አራት ክፍል ምድጃ ከሰካ ፊውዙ ይመታል፣ ሂሳቡም በኔ ስም ነው የሚመጣው። ሌላ ያልተነገረ ነገር አለ። ተማሪ ክረምት ላይ አገሩ ይሄዳል። ሐምሌና ነሐሴን ማን ይክፈል? ልጆቹ ከከፈሉ ለማይተኙበት ቤት ነው። ካልከፈሉ ለሌላ ሰው አከራየዋለሁ፤ መስከረም ላይ ሲመጡ ቤት የለም። የፋብሪካ ሠራተኛ 12 ወር ሙሉ ይከፍላል። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ከመጣ ወዲህ ይህን አንድ ክፍል የሚፈልገው ብዙ ነው። ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡ ወገኖቻችንም ተከራይተው እየኖሩ ነው። በዚህ ላይ ዩኒቨርሲቲው ልጆቹን ሁሉ ባንዴ ወደ ከተማ ቢለቅ ኪራዩ የት እንደሚደርስ እኔ አከራይዋ እነግራችኋለሁ። ደላሎቹ በማግስቱ ዋጋ ይቀይራሉ።

ተማሪ፣ ከፍቼ፦
እኛ ጋም ሰላሌ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ወሬው ይኸው ነው። ፍቼም ደብረ ብርሃንም ሰሜን ሸዋ፣ ሁለቱም ብርድ።

ሕግ ያጠናሁ፦
የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ አለ እኮ፤ ቁጥር 1320/2016። ውሉ በጽሑፍ ይሆናል፣ በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። በክልል የሚሠራው ክልሉ በወሰናቸው ከተሞች ስለሆነ መጀመሪያ ከተማ አስተዳደሩን ጠይቁ። ግን አንድ ችግር አለ። ውሉ ከሁለት ዓመት ያነሰ እንዲሆን አይፈቅድም። ይህ ቤተሰብ ላለው ተከራይ ጥሩ ከለላ ነው። በዓመት ዐሥር ወር ብቻ ለሚቀመጥ ተማሪ ግን ልኩ አይደለም። በዚህ ምክንያት አከራይም ተማሪም በቃል ይስማማሉ፤ ጭቅጭቅ ሲነሳ ማስረጃ የለም።

ሴት ተማሪ፣ 4ኛ ዓመት፦
እኔ ከዶርም ወጥቻለሁ፤ ስለዚህ ሁለቱንም አውቀዋለሁ። የወጣሁት ለመተኛት ነው። እንቅልፍ አጥቼ ውጤቴ ወርዶ ነበር። አሁን ከጓደኛዬ ጋር አንድ ክፍል ይዘናል። ነን ካፌ ነኝ፤ ግቢው ውስጥ አልበላም፣ የምግቡ ገንዘብ በቀን 100 ብር፣ በወር 3,000 ብር በእጄ ይሰጠኛል። የኪራይ ድርሻዬን ወንድሜ ነው የሚሸፍነው። እሱ ባይኖር ከ3,000 ብር ላይ ኪራይ ከፍዬ የምበላው አይኖረኝም ነበር።

ያጣሁትን ደግሞ ልንገራችሁ። ላይብረሪ እስከ ሌሊት መቀመጥ አቁሜያለሁ። ማታ 2 ሰዓት ሳይሞላ እወጣለሁ፤ መንገዱ ጨለማ ነው፣ ባጃጅም በዚያ ሰዓት ዋጋው ሌላ ነው። አከራያችን 3 ሰዓት ላይ የውጭውን በር ይቆልፋሉ። የቡድን ሥራ ሲኖር እኔ ሁልጊዜ በስልክ ነኝ። አንድ ሌሊት ጓደኛዬ በጣም ታመመች። ግቢ ብንሆን ክሊኒኩ ቅርብ ነበር። እዚህ ግን አከራያችንን ቀስቅሰን፣ በር አስከፍተን፣ መኪና ያለው ጎረቤት ለምነን ነው ሆስፒታል የደረስነው። እሳቸው ባይነሱ ምን እንደምንሆን አላውቅም።

ይህም ሆኖ ወደ ስድስት ሰው ክፍል አልመለስም። ወንዶቹ ይህን ሲከራከሩ ማታ ማታ ስለሚሆነው አንድም ሰው አላነሳም። ስለዚህ ነው የጻፍኩት።

ሐሳቡን ያነሳው፦
እህቴ፣ አመሰግናለሁ። እኔ እኮ ልጅ ሜዳ ላይ ይጣል አላልኩም። አሁን የሚወጣው ወንድም ወይ አባት ያለው ነው። የደሃው ልጅ ትኋን ጋር ይቀራል። ገንዘቡ በእጁ ቢሰጠው እሱም እንደ ሌላው ይመርጣል ነው ያልኩት።

መምህር፣ ከደብረ ሲና፦
የዋህነትህ እዚህ ላይ ነው ወንድሜ። አልጋው ሲዘጋ ሕንፃው ባዶ አይቀመጥም። ቢሮ ይሆናል፣ መጋዘን ይሆናል። ብሩ አላዋጣ ሲል ልጁ የት ይመለሳል? የመሐል ሜዳዋን እናት ልጅ አስብ፤ የሚወድቅበት ቦታ የለውም። ያልከው ችግር ሁሉ እውነት ነው፤ ግን ትኋን በመድኃኒት ይጠፋል፣ ስድስቱም ሰው አራት ሊሆን ይችላል፣ ውሃም ማጠራቀሚያ ቢገዛ ይመጣል። ለኪራይ ይሰጥ ያልከውን ገንዘብ እዚያ ላይ እናውለው እንበል። በራሱ አቅም መውጣት የፈለገውን ማንም አይከልክለው።

ሐሳቡን ያነሳው፦
"በራሱ አቅም" ማለት በወላጁ አቅም ማለት ነው። እዚህ ላይ አንግባባም። ተማሪ ሆኜም ይስተካከላል ሲሉን ነበር፤ ሳይስተካከል ነው የተመረቅኩት። ቢያንስ የመመረቂያ ዓመት ተማሪ ገንዘቡን የመቀበል ምርጫ ይሰጠው፤ የቀረው ዶርም ባለበት ይቆይ።

እናት፣ ከመሐል ሜዳ፦
እንደሱ ከሆነ እኔም እሰማሃለሁ። ትንሿ ልጄ ዘንድሮ ትገባለች። ከተማውን አታውቅም፣ ዶርም ነው የምታድረው። አራተኛ ዓመት ስትደርስ ራሷ ትወስን። እትዬ አከራይ፣ ያኔ ክፍል ካለዎት አስታውሱን።

አከራይ፣ ከጠባሴ፦
ምን ችግር አለ እህቴ። ብቻ ውል በጽሑፍ እናድርግ፣ የክረምቱንም ነገር አስቀድመን እንነጋገርበት።