አደራ የበላው ሰው መዝገብ ተዘጋ፤ አዲስ አበባ ፍትሕ ሚኒስቴር ድረስ ልሂድ?

ጥያቄ — የአስጋሪው ልጅ፣ ባሕር ዳር

ጤና ይስጥልኝ። አባቴ ጣና ላይ ዓሣ በማስገር የሚተዳደር ሰው ነው። ባለፈው ክረምት ታሞ እኔ ዘንድ ባሕር ዳር ሲታከም፣ የጀልባውን ሞተር ለአንድ የአካባቢው ሰው በአደራ አስቀመጠ። በጽሑፍ የተያዘ ነገር የለም፤ ሲረከብ ግን ሁለት ሰዎች አይተዋል። አባቴ አገግሞ ሲመለስ ሞተሩ የለም። ሰውየው መጀመሪያ «ለጥገና ሰጥቼዋለሁ» አለ፤ ኋላ ከሐይቁ ማዶ ላለ ጀልባ ነጂ እንደሸጠው ታወቀ። ሽማግሌ ተላከበት፤ ቀጠሮ እየሰጠ አጓተተን። በመጨረሻ ለፖሊስ አመለከትን፤ ምስክሮቹ ቃላቸውን ሰጡ፤ የምርመራ መዝገቡም ለወረዳው ዐቃቤ ሕግ ተላከ። አሁን «ጉዳዩ የፍትሐ ብሔር ነው፤ መዝገቡ ተዘግቷል» ተብለናል። የተነገረን በቃል ነው።

ዘመዶቻችን «የወንጀል ሕጉ የፌዴራል ስለሆነ አዲስ አበባ ፍትሕ ሚኒስቴር አቤት በሉ» ይሉናል። አባቴ ለመንገዱ በጎቹን ሊሸጥ ተነሥቷል። ልሂድ ወይስ ሌላ መንገድ አለ? ሞተሩንስ ከገዛው ሰው እጅ መውሰድ እንችላለን?

መልስ — ጡረተኛው ዐቃቤ ሕግ

ልጄ፣ በመጀመሪያ አባትሽ በጎቻቸውን አይሽጡ።

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ለመላው አገር የወጣ የፌዴራል ሕግ መሆኑ እውነት ነው። ይህ ማለት ግን በሕጉ ውስጥ ያለውን ወንጀል ሁሉ የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ይከሳል ማለት አይደለም። ባለጉዳይ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ «ወደ ክልልህ ተመለስ» የሚባለው ይህን የሚነግረው ሰው በማጣቱ ነው፤ ያሳዝነኛል። እስከ 2014 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ይባል የነበረው የዛሬው ፍትሕ ሚኒስቴር የፌዴራል መንግሥቱ ዐቃቤ ሕግ ነው። የፌዴራል ሕጎችን ያረቅቃል፤ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን ወክሎ ይከራከራል፤ በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ሥልጣን ሥር የሚወድቁትን እንደ ሐሰተኛ ገንዘብ ያሉ ወንጀሎች ይከሳል። እነዚህም ቢሆኑ በእኛ ክልል ሲፈጸሙ፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 በተሰጠው ውክልና የክልሉ ፍርድ ቤቶች ሊያዩዋቸው ይችላሉ። በሁለት ግለሰቦች መካከል የተፈጸመ እምነት ማጉደል፣ ማለትም አደራ መብላት፣ ግን ከመነሻውም የክልሉ ዐቃቤ ሕግ ሥራ ነው። ከወረዳው በላይ የዞኑ ፍትሕ መምሪያ አለ፤ ከዚያ በላይ የአማራ ክልል ፍትሕ ቢሮ አለ። ቢሮው እዚያው ባሕር ዳር፣ አንቺ ካለሽበት ከተማ ነው።

በቃል የተነገራችሁን ይዛችሁ ወደ የትም አትሂዱ። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 43 ዐቃቤ ሕግ አልከስም ሲል ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲያሰፍር ያስገድዳል። አባትሽ የግል ተበዳይ ናቸው፤ የውሳኔውን ግልባጭ በማመልከቻ ይጠይቁ። ምክንያቱ ሳይታወቅ የሚጻፍ ቅሬታ «ተበድያለሁ» ከማለት አያልፍም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሽማግሌዎቹ ዘንድ የተጻፈ ወረቀት ነበር?

የአስጋሪው ልጅ

አዎ። «የሞተሩን ዋጋ በሦስት ወር ውስጥ እከፍላለሁ» የሚል፣ ሰውየውም ሽማግሌዎቹም የፈረሙበት ወረቀት አለ። ለፖሊስ ከሰጠነው ማስረጃ ጋር ተያይዟል።

መልስ — ከቁንዝላ

እኔ በዚህ አልስማማም። የእኔ ዘመድ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ደብዳቤ ካጻፈ በኋላ ነው ጉዳዩ የተንቀሳቀሰለት። ወረዳ ላይ የቆመ ነገር ከላይ ካልተገፋ አይሄድም።

መልስ — ጡረተኛው ዐቃቤ ሕግ

ወንድሜ፣ የዘመድህ ጉዳይ ምን እንደነበር አላውቅምና አልከራከርህም። ይህ ጉዳይ ግን አዲስ አበባ ቢደርስ የሚጻፍለት ደብዳቤ «ለክልሉ ፍትሕ ቢሮ ያቅርቡ» የሚል ነው። ቢሮው ደግሞ ለእርሷ በእግር የሚደረስ ነው።

ወደ ወረቀቱ ልመለስ። እንደምገምተው መዝገቡን ያዘጋው እርሱ ነው። መርማሪው ዐቃቤ ሕግ «እከፍላለሁ» የሚለውን ሲያይ ነገሩን እንደ ተራ ዕዳ ቆጥሮታል። ገንዘብ ተበድሮ አለመክፈል ወንጀል አይደለም፤ ይህ ትክክል ነው። የአባትሽ ነገር ግን ብድር አይደለም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 675 በአደራ ወይም ለተወሰነ ጉዳይ የተሰጠውን የሌላ ሰው ንብረት ለራሱ ጥቅም ያዋለን ሰው ይቀጣል፤ ቅጣቱ እስከ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ሊደርስ ይችላል። ሰውየው ሞተሩን የሸጠው ሽማግሌ ሳይላክበት፣ ወረቀትም ሳይፈረም ነው። በኋላ የተገባ የክፍያ ቃል ቀድሞ የተፈጸመን ወንጀል አይፍቅም። ስለዚህ ለዞኑ በምትጽፉት ቅሬታ ላይ ቀኖቹን በቅደም ተከተል አስቀምጡ፤ ርክክቡ መቼ፣ ሽያጩ መቼ፣ ሽምግልናው መቼ። ሁለቱ ምስክሮች «ለጥበቃ ሲሰጠው አይተናል» ማለታቸውንም ጥቀሱ። በረጅሙ ማልቀስ አያስፈልግም፤ አንድ ገጽ ይበቃል።

መልስ — የሕግ ምሩቅ፣ ባሕር ዳር

እኅቴ፣ የሞተሩን ነገር በተመለከተ አባትሽ ወይም ወንድሞችሽ ሄደው በጉልበት እንዳያነሡት በጣም እለምንሻለሁ። በደለኛው ሌላ ሆኖ ሳለ ተከሳሾች እናንተ ትሆናላችሁ።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ እዚህ ላይ ለባለንብረት ይከብዳል። አንቀጽ 1161 ዋጋ ከፍሎ ተንቀሳቃሽ ዕቃ በቅን ልቦና ገዝቶ የተረከበን ሰው ባለቤት ያደርገዋል። ዕቃው የተሰረቀ ከሆነ ባለቤቱ ከገዢው ላይ እንዲያስመልስ አንቀጽ 1165 ይፈቅዳል፤ በአደራ ተሰጥቶ የተሸጠ ግን ባለቤቱ በፈቃዱ ከእጁ ያወጣው ነው። ስለዚህ ክርክሩ በገዢው ቅን ልቦና ላይ ይወድቃል። በሐይቁ ዳር የማንን ሞተር ማን እንደሚነዳ ሰው ያውቃል። ገዢው የአባትሽ መሆኑን እያወቀ ከገዛ ቅን ልቦና የለውም፤ ራሱም በወንጀል ሊጠየቅ ይችላል። ይህን የሚያውቅ ምስክር ፈልጉ።

መልስ — ነጋዴዋ፣ ከዘጌ

የወንጀሉ መዝገብ እስኪከፈት እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትጠብቁ። እኔ በቡና ጉዳይ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ በፍትሐ ብሔር ከስሼ አግኝቻለሁ። ያ የሽማግሌዎች ወረቀት ለወንጀሉ እንቅፋት ቢሆንባችሁም ለገንዘቡ ክስ ወርቅ ነው፤ ሰውየው ራሱ ያመነበት ነውና። የዳኝነት ክፍያው ከከበዳችሁ በደሃ ደንብ ለመክሰስ ማመልከት ይቻላል፤ አቅም እንደሌላችሁ የሚያሳይ ማስረጃ ከቀበሌ አውጡ። ሰውየው ንብረቱን እንዳያሸሽ ደግሞ ከክሱ ጋር የዕግድ ማመልከቻ አብራችሁ አስገቡ።

መልስ — የሕግ ምሩቅ፣ ባሕር ዳር

የነጋዴዋን ምክር እደግፋለሁ። በውል ላይ የተመሠረተ ክስ በመርኅ የአሥር ዓመት ይርጋ (የመክሰሻ ጊዜ ገደብ) ስላለው ጊዜው አላለፈባችሁም። ክሱን ለመጻፍ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት አቅም ለሌለው ሰው ነጻ የሕግ ድጋፍ ስለሚሰጥ እዚያ ጠይቂ። የወንጀሉ መዝገብ ተከፍቶ ሰውየው ከተከሰሰም፣ አባትሽ ካሣ እንዲወሰንላቸው ለዚያው ችሎት ማመልከት ይችላሉ።

የአስጋሪው ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በጎቹ አልተሸጡም። ሰኞ ግልባጩን እንጠይቃለን። አባቴ ገና ስላልጠነከረ እኔ ብመላለስለት ይቻላል?

መልስ — ጡረተኛው ዐቃቤ ሕግ

ይቻላል፤ ውክልና ይስጡሽ። ሰነዱ ግን «በማናቸውም ጉዳይ» በሚል ብቻ አይጻፍ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 መሠረት ክስ ማቅረብም ሆነ መታረቅ ልዩ ውክልና ይፈልጋል፤ ስለዚህ መክሰስ፣ መከራከር፣ ለዐቃቤ ሕግ ቅሬታ ማቅረብ፣ የተፈረደውን ገንዘብ መቀበል እያለ አንድ በአንድ ይዘርዝር። መታረቅን አባትሽ ለራሳቸው ማስቀረት ከፈለጉ አይጻፍ።