አለማየሁ እሸቴን «የኢትዮጵያው ኤልቪስ» ብለን ብቻ ነው የምንሸኘው?

ሸክላ ናፋቂ፦

ነፍስ ይማር። ነሐሴ 27 ቀን 2013 ዓ.ም ዘፋኙ አለማየሁ እሸቴ በ80 ዓመቱ አረፈ፣ እንቁጣጣሽ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው። ዜናውን ከሰማሁ ጀምሮ ሌላ ዘፈን መክፈት አቅቶኛል፣ እሱኑ ከላይ ወደ ታች ከታች ወደ ላይ ነው። እኔ የሱ ዘመን ልጅ አይደለሁም፣ አባቴ መኪና ውስጥ ካሴቱን ሲያጫውት እየሰማሁ ነው ያደግኩት፣ ያኔ ማን እንደሆነም አላውቅም፣ ብቻ ድምጹ ከፍ ሲል አባቴ መሪውን በጣቱ እየመታ አብሮት ይል ነበር። ትናንት ደውዬ ስነግረው መጀመሪያ ዝም አለ፣ ከዛ «ወጣትነቴን ይዞብኝ ሄደ» አለኝና ስልኩን ለእናቴ ሰጣት።

የከነከነኝ ነገር ግን ይሄ ነው። ፌስቡክ ስትከፍት፣ ቴሌግራም ስትከፍት «የኢትዮጵያው ኤልቪስ»፣ «የኢትዮጵያው ጄምስ ብራውን»፣ አንድ ፎቶ፣ አንድ ሻማ፣ በቃ። እድሜ ልኩን የዘፈነ ሰው በአሜሪካ ዘፋኝ ስም ነው እንዴ የሚለቀስለት? እስኪ በዛ ዘመን የነበራችሁም መሳሪያ የምትጫወቱም ንገሩኝ፣ የሱ የራሱ የሆነው ምንድነው? ደግሞ ታናናሽ ወንድሞቼን ላሰማቸው ፈልጌ ከየት እንደምጀምር ግራ ገባኝ፣ እነሱ የሚያውቁት «ተማር ልጄ»ን ብቻ ነው።

የማታ ተረኛ፦

አፈሩን ገለባ ያድርግለት። ሚያዝያ ላይ አምሃ እሸቴ ሄደ፣ ከሱ ሀዘን ሳንወጣ ደግሞ አለማየሁ። አሳታሚውም ዘፋኙም በአንድ ዓመት። ሌላ የምለው የለኝም ሆዴ ባብቷል።

የፒያሳ ሰው፦

ልጄ፣ በመጀመሪያ አባትህን በርታ በልልኝ። የሚለው ገብቶኛል።

እኛ አለማየሁን መጀመሪያ ያየነው በጸጉሩና በአለባበሱ ነው፣ ይሄ እውነት ነው፣ እሱም ደብቆት አያውቅም። እንደ አሜሪካኖቹ እለብስ ነበር፣ የኤልቪስን ዘፈኖች እዘፍን ነበር፣ ሰው የወደደኝ ግን አማርኛ መዝፈን ስጀምር ነው ብሎ በቃለ መጠይቅ ተናግሯል። እንግዲህ መልሱን ራሱ ሰጥቶሃል ማለት ነው።

አሁን ያላችሁ ልጆች የማይገባችሁ ነገር አለ። ያኔ በጃንሆይ ጊዜ ዘፋኝ ማለት የመንግሥት ደሞዝተኛ ነው፣ ወይ ክቡር ዘበኛ ነህ ወይ ጦር ሠራዊት ወይ ፖሊስ ወይ ሀገር ፍቅር ቴአትር፣ አለማየሁም የወጣው ከፖሊስ ኦርኬስትራ ነው፣ ገና ጎረምሳ ሆኖ ነው የገባው። ሸክላ ማሳተምም በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ብቻ የተፈቀደ ነበር። አምሃ እሸቴ የሚባል ሃያዎቹ ውስጥ ያለ ልጅ ሙዚቃ ቤት ከፍቶ የውጭ ሸክላ ይሸጣል፣ ሰው የራሱን ልጆች ድምጽ እየጠየቀ እያለ ለምን አላሳትምም ብሎ ተነሳ። ታስራለህ ተባለ። እሱ እምቢ አለና ቴፑን ህንድ ልኮ አሳተመው። በፈረንጆቹ 1969 ነው። ያ የመጀመሪያው ሸክላ የማን ነበር? የአለማየሁ፣ «ትማርኪያለሽ»። አምሃ በኋላ እንዳወራው ሱቁ በር ላይ በድምጽ ማጉያ ሲለቀው ሰዉ መንገድ ላይ መጨፈር ጀምሮ መኪና እስኪቆም ድረስ ነው። ማንም አላሰረውም። ከዛ በኋላ የማህሙድ አህመድም የሌሎቹም ሸክላ ተከታትሎ ወጣ፣ በስድስት ዓመት ውስጥ አምሃ ብቻውን ከመቶ በላይ ባለ 45 ሸክላ አወጣ። ያን በር በድምጹ የከፈተው አለማየሁ ነው። ኤልቪስ እንዲህ ያለ ነገር ተጋፍጧል?

ከ66ቱ አብዮት በኋላ ደግሞ ሰዓት እላፊ መጣ፣ የሌሊቱ ነገር ሁሉ ቀረ፣ ክለብ የለ ጭፈራ የለ፣ አምሃም አሜሪካ ገባ፣ ሸክላውም ቆመ። ስንቱ ወጣ። አለማየሁ ግን እዚሁ ቀረ። እኔ ለዚህ ብቻ እንኳን ቆሜ እሸኘዋለሁ።

ባስ ጊታሬ፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ሳነብ ሰውነቴን ወረረኝ። እኔ ከሙዚቃው በኩል ልሞክር፣ ይርዘምብኝ ይቅርታ።

ጄምስ ብራውንን አጥንቼዋለሁ፣ እሱ ጋ ጩኸቱ ለባንዱ ትእዛዝ ነው፣ እዚህ ጋ ቁሙ እዚህ ጋ ግቡ እንደማለት፣ ድምጹ ራሱ ከበሮ ነው። አለማየሁም ጩኸቱን ወስዷል፣ ማጓራቱን ወስዷል፣ ሲስቅና ሲቃ ሲይዘው የሚሰማውን ነገር ሁሉ ወስዷል፣ ግን ጩኸቱ ካለቀ በኋላ የት እንደሚያርፍ ስሙ። ድምጹን እያንቀጠቀጠ ወደታች ይዞት ይወርድና አምስቱ ድምጾች ላይ፣ በኛ ቅኝት ላይ ነው የሚያስቀምጠው። ከበሮውና ባሱ ሌላ አገር ላይ ናቸው፣ ድምጹ ግን ቤቱ ገብቷል። ይሄ በጣም ከባድ ነገር ነው፣ እኔ ከዘፋኞች ጋ ስሰራ ነው የገባኝ፣ አብዛኛው ሰው ወይ ሙሉ በሙሉ ወደ ፈረንጁ ይሄድና አማርኛው ይሰበራል ወይ ደግሞ ወደ ባህሉ ይመለስና ግሩቩ፣ የሚያስጨፍረው ምት፣ ይሞታል። እሱ ሁለቱንም ሳይለቅ ሦስት ደቂቃ ሙሉ ይሄዳል።

ብራሱን፣ የትንፋሽ መሳሪያዎቹን ማለቴ ነው፣ ደግሞ ስሙ። ልክ ዘፈን አውጪ ሲያወጣ ሕዝቡ እንደሚቀበለው ነው ሳክስፎኑና ትራምፔቱ የሚቀበሉት። ይሄን የሠራው ግርማ በየነ ነው፣ አብዛኛዎቹን ያቀናበረው እሱ ነው፣ ፒያኖውም እሱ ነው፣ አብረውም አለም-ግርማ ባንድን መስርተዋል። ስለ አለማየሁ ሶል ስናወራ የግርማን እጅ ካልሰማን ግማሹን ብቻ ነው የሰማነው።

ከአትላንታ፦

በሁሉም እስማማለሁ፣ በአንዱ ነገር ግን ከጠያቂው ጋ አልስማማም። ስሙ አያስቆጣኝም። ለኛ ምንም ላይጨምር ይችላል፣ ለማያውቀው ሰው ግን በር ነው። እኔ እዚህ ስንት ጥቁር አሜሪካዊ የሥራ ባልደረባዬን ጄምስ ብራውን ትወዳለህ? በል እንካ ብዬ አሰምቼዋለሁ፣ ጆሮው ላይ እንዳደረገው ፊቱ ሲቀየር ማየት ነው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የድሮ ዘፈኖቻችንን ሰብስቦ ያሳተማቸው የኢትዮፒክስ ሲዲዎች ባይኖሩ እኮ ውጭ ያለው ትውልድ አያውቀውም ነበር። በፈረንጆቹ 2008 ኒውዮርክ ሊንከን ሴንተር ከአሜሪካኖቹ ባንድ ከኢዘር ኦርኬስትራ ጋ ሲዘፍን ነበርኩ፣ 67 ዓመቱ ነው፣ ሜዳ ላይ ነው፣ አንድ ቃል አማርኛ የማያውቅ ፈረንጅ ከጎኔ ቆሞ ሲጨፍር ነበር፣ እኛ ደግሞ እናለቅሳለን። ያን ማታ ማንም ኤልቪስን አላስታወሰም። ሰው በተለመደው ስም ይግባ፣ ከገባ በኋላ የሚያገኘው አለማየሁን ነው።

ሸክላ ናፋቂ፦

ጋሼ የጻፉትን ለአባቴ አነበብኩለት፣ «እሱ ሰውዬ እውነቱን ነው» አለኝ፣ ሰላም በልልኝ ብሏል። የአትላንታው ወንድሜ ሀሳብህ ገብቶኛል፣ ውጭ ላለው ሰው ልክ ነህ፣ እኔ የከፋኝ እዚሁ አገር ውስጥ ያለ ሚዲያ በራሱ ቋንቋ ስለራሱ ሰው ሲያወራ ከዛ ስም አልፎ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨመር ሲያቅተው ነው። ባስ ጊታሬ፣ ለወንድሞቼ ከየት ልጀምርላቸው አልመለስክልኝም።

ባስ ጊታሬ፦

ኢትዮፒክስ ቁጥር 9 በፈረንጆቹ ከ1969 እስከ 1974 ያሉት የሸክላዎቹ ስብስብ ነው፣ ሙሉውን የሱ ነው፣ ከሱ ጀምር። ካለቀ ቁጥር 22 አለ፣ እሱም ሙሉ የሱ ነው። በስልክ ስፒከር እንዳታሰማቸው አደራ፣ ባሱ ይጠፋል፣ ባሱ ከጠፋ ድምጹ ከምን ጋ እየታገለ እንደሆነ አይሰማም። የጆሮ ማዳመጫ ስጣቸው። መጀመሪያ ፈጣኖቹን ይስሙ፣ ሰውነታቸው ይነቃነቅ፣ ከዛ ቀስ ያሉትን። እኔ ከፈጣኖቹ ይልቅ በቀስታዎቹ ነው የምሸነፈው፣ እዛ ላይ ጩኸት የለም፣ መሸሸጊያ የለውም።

የፒያሳ ሰው፦

ለአባትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። አንድ ነገር ልጨምር። ግርማ በየነ በፈረንጆቹ 1981 ከዋልያስ ባንድ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀርቶ ስንት ዓመት ከሙዚቃ ርቆ ኖረ፣ ከዛ በስተርጅና ተመልሶ በ2017 ከፈረንሳዮቹ ባንድ ከአካሌ ውቤ ጋር አዲስ ሲዲ አወጣ፣ እሱም የኢትዮፒክስ ቁጥር 30 ሆኖ ነው። ሰውየው በሕይወት አለ። ዛሬ አለማየሁን የሚያለቅስ ሁሉ ያንን ሲዲ ይግዛ፣ ፖስት ላይ የአለማየሁን ፎቶ ስታደርጉ ቅንብር ግርማ በየነ ብላችሁ ጻፉበት፣ ራሱ እያየ።