ግልገሏ መንቀጥቀጥ አቆመች፤ መጀመሪያ ላሙቃት ወይስ እንገር ልስጣት?

ወገኖቼ፣ ጅማ ነው ያለሁት። ሌሊቱን ዝናብ ሲወርድ አድሮ በጋችን መንታ ወለደች። አንዱ ቆሞ ይጠባል፤ ሁለተኛዋን ግን ሳትደርቅ ብርድ መታት። አፏ ውስጥ ጣቴን ስከት እንደ ድንጋይ ይቀዘቅዛል፣ ለመጥባትም አልሞከረች። በቴርሞሜትር ስለካት 36 ዲግሪ ሆነች፤ ጤነኛ ግልገል 39 እና ከዚያ በላይ ነው።

አዲስ ግልገል የምትሞቀው በመንቀጥቀጥና በኩላሊቷ ዙሪያ ያለውን ቡናማ ስብ በማቃጠል ነው። ስቡ በሰዓታት ውስጥ ያልቃል፤ ከዚያ ሙቀቷ ከእንገር ነው። ይቺ ከተወለደች 6 ሰዓት ሆናት፣ ምንም አልቀመሰችም። በደሟ ያለው ስኳር አልቆ ሳለ ባሞቃት ተንፈራግጣ ትሞትብኛለች፤ መዋጥ ሳትችል ብግታት ደግሞ ሳንባዋ ውስጥ ይገባባታል። አድርቄ በጋቢ ጠቅልዬ ታቅፌያታለሁ። ግሉኮስ የሚወጋ ሐኪም እስኪደርስ ምን ላድርግ? በግ ያረባችሁ፣ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ።