አስቸኳይ፦ ነገ ጠዋት ወደ ላንጋኖ ልንወጣ ስንል ማረፊያችን ተሰረዘብን

የማሂ እናት፦
ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ቶሎ የሚመልስልኝ ሰው እፈልጋለሁ። ነገ ጠዋት ከቱሉ ዲምቱ ወጥተን ላንጋኖ ሁለት ሌሊት ልናድር ነበር። አሁን ገና ማረፊያው ደውሎ «ክፍላችሁ ለስብሰባ ተይዟል፣ ብራችሁ ይመለስላችኋል» አለን። ልጆቹ ሻንጣቸውን በር ላይ ደርድረዋል። ውሃ ዳር የሆነ፣ ልጆች የሚገቡበት፣ ለነገ የሚገኝ ቦታ ጠቁሙኝ።

ፍቅር ሐይቅ፦
ሀዋሳ ሂዱ። ከተማው ትልቅ ነው፣ ክፍል አይጠፋም።

ገላን ጋራዥ፦
እህቴ፣ ስንት ናችሁ? መኪናው ምንድን ነው? የልጆቹስ ዕድሜ? ይህን ሳናውቅ የምንሰጥሽ መልስ ሁሉ ግምት ነው። ላንጋኖ ራሱ ምዕራብ ዳሩና ምሥራቅ ዳሩ አይገናኙም። በክረምት አንዱ ጋ በትንሽ መኪና ይደረሳል፣ ሌላው ጋ ላንድክሩዘር የያዘም ሰው ይጨነቃል።

የማሂ እናት፦
ይቅርታ፣ በጥድፊያ ነው። አምስት ነን፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ እናቴና ሁለት ልጆች፣ 4 እና 9 ዓመት። መኪናው ቪትዝ ነው። እናቴ ጉልበቷን ያማታል፣ ፍልሰታንም እየፆመች ነው።

ሆራ ሰፈር፦
በነሐሴ ዝናብ 200 ኪሎ ሜትር መንዳት ለምን አስፈለገ? ቢሾፍቱ ከቱሉ ዲምቱ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ሐይቅ ከሆነ ሆራ አለ፣ ባቦጋያ አለ፣ ኩሪፍቱ አለ። ማረፊያውም በየዳሩ ነው። ልጆቹ መንገድ ላይ ከሚሰለቹ እዚሁ ይጫወቱ።

የድሮ ሾፌር፦
ቢሾፍቱ ደስ የሚል ከተማ ነው፤ ልጅቷ የጠየቀችው ግን ልጆች የሚገቡበት ውሃ ነው። የቢሾፍቱ ሐይቆች የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኙ ናቸው። ዳራቸው ቁልቁለት ስለሆነ ጥቂት እርምጃ ገባ ሲባል መሬቱ ከእግር ሥር ይጠፋል። የቢሾፍቱ ሐይቅ ጥልቀት ከ80 ሜትር ያልፋል፣ ባቦጋያም ከ60 በላይ ነው። ለአራት ዓመት ልጅ እዚያ የሚሆነው የሆቴሉ ገንዳ ብቻ ነው፤ ገንዳውም በነሐሴ ካልሞቀ ይበርዳል። ቢሾፍቱን ከመረጣችሁ «ገንዳው ይሞቃል ወይ?» ብላችሁ ደውሉ።

አሁን ልጄ፣ ማረፊያ በፎቶ አይመረጥም። መጀመሪያ ውሃውን ምረጪ፣ ከዚያ ከአስፋልት እስከ በሩ ያለውን መንገድ፣ ክፍሉን መጨረሻ ላይ። ሰው ሁሉ ከክፍሉ ይጀምርና የአልጋ ልብሱ አምሮ ልጆቹ ውሃውን በሩቁ እያዩ ይመለሳሉ። ባቱ (ዝዋይ) ቅርብ ነው፣ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ግን ለጀልባና ለወፍ ነው እንጂ ለመዋኛ አይደለም፤ ቢልሃርዚያም (ከውሃ በቆዳ የሚገባ ትል የሚያመጣው በሽታ) ጉማሬም አለበት። አብያታና ሻላ ለማየት ያምራሉ፣ ውሃቸው ግን ሶዳ ነው። ሀዋሳ ውብ ነው፣ ቢልሃርዚያ ግን እዚያም አለ። ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ከቢልሃርዚያ ነፃ በመባል ስሙ የታወቀው ላንጋኖ ነው። ቡናማ ቀለሙን አይታችሁ ቆሻሻ እንዳይመስላችሁ፣ ተፈጥሮው ነው። ስለዚህ ሐይቁን አትቀይሩ፣ ማረፊያውን ብቻ ቀይሩ።

ፍቅር ሐይቅ፦
የሀዋሳ ልጆች እዚያው ሐይቅ ውስጥ ሲዋኙ ነው ያደጉት። ምን ሆኑ? ሀዋሳ ሂዱ፤ ለእናትሽም የዓሣ ገበያው አሞራ ገደል አለላቸው፣ የሐይቁ ዳር መንገድ አለላቸው።

ነርስ ከቃሊቲ፦
ፍቅር ሐይቅ፣ ምን ሆኑ ለሚለው፦ ቢልሃርዚያ በዚያው ቀን አያሳምም፤ ለዚህ ነው ሰው የሚዘናጋው። ትሉ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ ውሃው ውስጥ ይንሳፈፋል፣ በደቂቃዎች ውስጥ በቆዳ ይገባል። በብዛት የሚወጣውም ፀሐይ በበረታችበት በቀኑ እኩሌታ ላይ ነው፣ ልጆች በሚቦጫረቁበት ሰዓት። ለዓመታት ሳይታከም ሲቆይ አንጀትንና ጉበትን ይጎዳል። ቄጠማና ደንገል ያለበት ጥልቀት የሌለው ዳር ዋናው መገኛው ነው፤ ለልጅ «ደህና ነው» የምንለውም ያንኑ ዳር ነው። በፎጣ ቶሎ መጠራረግ ብቻውን አያስጥልም።

ባቱ ወይም ሀዋሳ ላይ ውሃ ውስጥ የገባ ልጅ ካለ፣ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ሰገራ አስመርምሩ። ቀድሞ ቢታይ ላይገኝ ይችላል። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፣ መጠኑ በክብደት ስለሚሰላ ጤና ጣቢያ ይስጠው።

ወባን ደግሞ ማንም አላነሳትም። ላንጋኖ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር እንኳ አይሞላም፣ ባቱና ሀዋሳም ከ1,700 ብዙ አይርቁም፤ ሦስቱም የወባ አገር ናቸው። አጎበር ይኑር፣ ማታ ልጆቹን እጅጌና እግሩ ረጅም የሆነ ልብስ አልብሻቸው፣ የሚቀባ የትንኝ መከላከያ ያዢ። ከተመለሳችሁ ከሳምንት በኋላም ሆነ ከወራት በኋላ ትኩሳት የያዘው ሰው ካለ፣ ለሐኪሙ «ስምጥ ሸለቆ አድረን ነበር» ማለት አትርሺ። አዲስ አበባ ውስጥ ያልተጠየቀ ሰው ራሱ ካልተናገረ ብርድ ነው ተብሎ ሊታለፍ ይችላል።

ባሕር ናፋቂ፦
ከነዳችሁ አይቀር እውነተኛ ባሕር አይሻልም? ጅቡቲ ታጁራ። አሸዋ፣ ጨው ውሃ፣ ኮራል።

የድሮ ሾፌር፦
ወንድሜ፣ ለነገ ጠዋት ነው የተጠየቀው። ፓስፖርት፣ ቪዛ፣ የመኪና ድንበር ማሻገሪያ ወረቀት በአንድ ሌሊት አይወጣም። ቢወጣም ጅቡቲ በሐምሌና ነሐሴ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው፣ ደረቅ ንፋስም ይነፍሳል። ለልጅና ለአረጋዊ አይታሰብም። የጅቡቲ ባሕር ወቅቱ ከኅዳር በኋላ ነው፤ ሙቀቱ ይበርዳል፣ ትልቁ የዓሣ ነባሪ ሻርክም በታጁራ ባሕረ ሰላጤ የሚታየው ያኔ ነው። ለጥር አቅዱት።

ገላን ጋራዥ፦
ቪትዝ መሆኑ ነገሩን ቆርጦታል። ምሥራቅ ዳር አትያዙ። ጫካው ያምራል፣ ከአርሲ ተራሮች የሚወርዱ ወንዞች በዚያ በኩል ይገባሉ፣ ጉማሬም አለ። የአፈር መንገዱ ረጅም ነው፣ በነሐሴ ይጨቀያል። አምስት ሰው የጫነ ቪትዝ ከሥሩ ከመሬት የሚርቀው የአንድ ስንዝር እንኳ አይሞላም፤ የመኪና ዱካ መሃል ላይ በተቆለለው ጭቃ ሆዱ ይንጠለጠልና ጎማው ባዶ ይሽከረከራል። ያኔ ነዳጅ መርገጥ ይበልጥ ያሰምጠዋል።

ምዕራብ ዳር ወደ ሻሸመኔ ከሚወስደው አስፋልት ወደ ግራ ታጥፎ አጭር የኮረኮንች መንገድ ነው። ሳባና ከሚባለው ማረፊያ ጀምራችሁ በዚያ በኩል ያሉትን በተራ ደውሉላቸው፤ አንዱ ሞላ ካለ «ጎረቤታችሁ ማን ጋ ክፍል አለ?» በሉት፣ እርስ በርስ ይተዋወቃሉ።

የማሂ እናት፦
እግዜር ይስጥልኝ። እየደወልኩ ነው። ምን ምን ልጠይቅ? ባለፈው የጠየቅኩት ዋጋውን ብቻ ነበር።

የባቱ ልጅ፦
እህቴ ይህን ጠይቂ። ዛሬ ዘንቧል ወይ፣ ዛሬ ትንሽ መኪና በሩ ድረስ ገብታለች ወይ። «መንገዱ ጥሩ ነው» ካሉሽ አትቀበዪ፣ «ዛሬ የገባች ቪትዝ ወይም ኮሮላ ግቢ ውስጥ አለች?» በይ። ከክፍሉ እስከ ምግብ ቤቱ፣ ከምግብ ቤቱ እስከ ውሃው ስንት ደረጃ አለ? በምዕራብ ዳር ሐይቁ ከገደል በታች የሚሆንባቸው ቦታዎች ስላሉ ለእናትሽ ጉልበት ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። ምድር ቤት ክፍል ያዢላቸው፣ ሽንት ቤቱ የመቀመጫ መሆኑንም አረጋግጪ።

መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል ወይስ በሰዓት ነው? ብዙ ጊዜ የቧንቧውን ውሃ የሚገፋው ፓምፕ አብሮ ነው የሚቆመው። አጎበሩ በየአልጋው አለ ወይስ ሲጠየቅ ነው የሚመጣው? የመስኮት ወንፊቱስ ያልተቀደደ ነው? ለአምስት ሰው ሁለት ክፍል ከሆነ በውስጥ በር የሚገናኙ አሉ? የ4 ዓመቱ ልጅ ይከፈልበታል?

የፆም ምግብ ደግሞ ነገ ምሳ ላይ ሳይሆን ዛሬ ይነገራቸው። ሽሮና ተጋቢኖ የትም አይጠፋም፣ ግን በቅቤ የተነካ ድስት እንዳይሆን ቀድሞ የተነገረው ወጥ ቤት ይጠነቀቃል።

ሆራ ሰፈር፦
ልብ በሉ፣ ይህ ሁሉ ጥያቄ ቢሾፍቱ አያስፈልግም ነበር። አስፋልት በሩ ድረስ ነው፣ መብራቱም ይሻላል። እናትየዋን አስቡ።

ነርስ ከቃሊቲ፦
ሆራ ሰፈር ያለው ለእናትየው ትክክል ነው። ልጆቹ ገንዳ ከበቃቸው ቢሾፍቱ ሁለተኛ ምርጫ ይሁን። ግን የ4 ዓመት ልጅ ሐይቅ አይቶ «ገንዳ ይበቃኛል» ሲል ገና አልሰማንም።

ላንጋኖ ከሄዳችሁ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ውሃው ድፍርስ ነው፤ ልጅ ጉልበት በሚደርስ ውሃ ውስጥ ቢወድቅና ቢሰምጥ ከላይ አይታይም። ገንዳ ውስጥ ከወለሉ ይታያል፣ እዚህ አይታይም። ስለዚህ ከወንበር ሆኖ መጠበቅ አይሠራም። አንድ አዋቂ ልብሱን አውልቆ አብሮ ይግባ፣ ከትንሹ ልጅ ከአንድ ክንድ በላይ አይራቅ። ክንድ ላይ የሚነፋው ፕላስቲክ ስለሚሾልክ አትመኑት፤ ደረት የሚያቅፍ የሕይወት ጃኬት በልጁ ክብደት ልክ ግዙ ወይም ተዋሱ። ልብሱም ደማቅ ብርቱካን ቀለም ይሁን፣ ቡናማ ውሃ ላይ ከሰማያዊ ቶሎ ዓይን ይገባል። ከሰዓት በኋላ ንፋስ ተነስቶ ማዕበል ያመጣል፤ ዋናው ጠዋት ይሁን፣ እስከ 5 ሰዓት።

የማሂ እናት፦
ምዕራብ ዳር ሁለት ክፍል አገኘሁ! ምድር ቤት ነው፣ ወደ ውሃው ደረጃ አለው፣ ግን ምግብ ቤቱ ከክፍሉ ጋር እኩል ነው አሉኝ። «ግማሹን አሁን አስገቢ» ብለው የላኩልኝ ቁጥር ግን የግለሰብ ስም ነው። ላስገባ?

ገላን ጋራዥ፦
ቆይ፣ አታስገቢ። ቁጥሩን ከየት አገኘሽው? ከቴሌግራም ወይም ከፌስቡክ ገጽ ከሆነ የሌላ ማረፊያ ፎቶ ለጥፎ ቀብድ የሚሰበስብ ሊሆን ይችላል። ሒሳቡ በድርጅቱ ስም ይሁን። የለንም ካሉ «ስንደርስ ሙሉውን እንከፍላለን፣ ክፍሉን እስከ 8 ሰዓት ያዙልን» በይ። ወደ እንግዳ መቀበያው ሌላ ሰው አስደውዪና በስምሽ ክፍል መያዙን ይጠይቅ። ካስገባሽም ደረሰኙንና «ከተሰረዘ ሙሉው ይመለሳል» የሚል የጽሑፍ መልእክት ያዢ፤ በቃል የተባለው ዛሬ ምን እንዳደረገሽ አይተሽዋል።

የማሂ እናት፦
የድርጅት ሒሳብ ላኩ፣ አስገባሁ። ነገ ስንት ሰዓት እንውጣ? ባለቤቴ ረጅም መንገድ ነድቶ አያውቅም።

የድሮ ሾፌር፦
12 ሰዓት ተኩል ላይ ቱሉ ዲምቱ ክፍያ ጣቢያ ሁኑ። የፍጥነት መንገዱን ይዛችሁ ሞጆ ላይ ወደ ባቱ የሚወስደውን የፍጥነት መንገድ ያዙ፤ ማጠፊያውን ያለፈ ሰው አዳማ ነው የሚገባው፣ በፍጥነት መንገድ ላይ ደግሞ ወደ ኋላ መመለስ የለም። ከባቱ ወጥታችሁ አዳሚ ቱሉን፣ ቡልቡላን አልፋችሁ ላንጋኖ ነው። ከፍተኛው ፍጥነት 120 ቢሆንም የተጫነ ቪትዝ በ90 ይሂድ፤ ውሃ በተኛበት አስፋልት ላይ ደግሞ በ70። ከባቱ በኋላ ባለው አሮጌ መንገድ ላይ ከብት፣ ጋሪና ባጃጅ ድንገት ይገባል። ባቱ ላይ ቁርስ በሉ፣ ነዳጅ ሙሉ፣ ልጆቹን አሸኑ። ስትመለሱ ከመምሸቱ በፊት ቱሉ ዲምቱ ግቡ፤ መብራት የሌለው ጋሪ ማታ አይታይም። ከመነሳታችሁ በፊትም ማረፊያው ጋ ደውላችሁ የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ።

ገላን ጋራዥ፦
ዛሬ ማታ ጎማውን ቀዝቃዛ ሳለ አስለኩ፤ ለሙሉ ጭነት የሚሆነው ልክ በሾፌሩ በር ጎን ተጽፏል። ትርፍ ጎማው ንፋስ እንዳለው እዩ፣ ክሪኩንና የጎማ ቁልፉን ከሻንጣ ሥር ሳይሆን ከላይ አስቀምጡ። የራዲያተር ውሃ፣ የዝናብ መጥረጊያ። ቴሌብር ላይ ብር ይኑር፣ ጥቂት ጥሬም ያዙ።

ፍቅር ሐይቅ፦
ከላንጋኖ ሀዋሳ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሁለተኛውን ቀን ሀዋሳ ዋሉ።

ሚኪ ከአቃቂ፦
እኛም ፍልሰታ ሲፈታ በኮሮላ ልንሄድ ነው፣ ድንኳን ይዘን። ምዕራብ ዳር ድንኳን ያስተክላሉ?

የባቱ ልጅ፦
የሚያስተክሉ አሉ፤ ደውለህ መታጠቢያና ሽንት ቤት በዋጋው ውስጥ መሆኑን ጠይቅ። ዝቅ ባለው አሸዋ ላይ አትትከል፣ በነሐሴ የሌሊት ዝናብ ጎርፉ ወደዚያ ነው የሚወርደው። ግራር ሥርም አይሆንም፤ እሾሁ የድንኳኑን ወለል ይበሳል፣ በንፋስ ቅርንጫፍ ይሰበራል። ካስማህ አጭር ከሆነ አሸዋው አይዘውም፣ ከክንድ የማያንስ እንጨት አስቀርጽ። የማሂ እናት፣ ስትደርሱ ያ ኮረኮንች መንገድ እንዴት እንደሆነ ጻፊልን፣ ሚኪም ይጠቀምበታል።