በሁለት ቀን የመሐል አዲስ አበባን የትኛውን ታሪካዊ ቦታ እናዳርስ?

ጥያቄ፦ ከደሴ የመጣ

የተከበራችሁ የአዲስ አበባ ነዋሪዎች፣ ጤና ይስጥልኝ። ከባለቤቴ ጋር በመጪው ቅዳሜና እሑድ ወደ ከተማችሁ እንመጣለን፤ ማረፊያችን ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ነው። ሁለታችንም የታሪክ መምህራን ስንሆን፣ እስካሁን አዲስ አበባ የመጣነው ለጉዳይ ብቻ በመሆኑ፣ በየዓመቱ የምናስተምራቸውን ቦታዎች በዓይናችን አላየናቸውም። እንጦጦን፣ መርካቶን፣ ብሔራዊ ሙዚየምን፣ አንድነት ፓርክን፣ ሥላሴንና የአድዋ ድል መታሰቢያን አስበናል። ባለቤቴን ጉልበቷን ስለሚያማት ዳገት ይከብዳታል። ሁሉን ማዳረስ ይቻላል? ካልተቻለስ የቱ ቢቀር ይሻላል?

መልስ፦ የስድስት ኪሎ ነዋሪ

ወንድሜ፣ እንኳን ደህና መጡ። ሁሉን ላዳርስ ካሉ ጊዜው መኪና ውስጥ ያልቃል፤ ስለዚህ እንጦጦና መርካቶ ለሌላ ጊዜ ይቆዩ፤ አንድነት ፓርክም ግማሽ ቀን ስለሚወስድ ቢቀር አይከፋም። ቅዳሜን ለአንድ መንገድ ብቻ ይስጡ። ከስድስት ኪሎ በአምስት ኪሎ አድርጎ አራት ኪሎ የሚደርሰው መንገድ ቁልቁለት ነው፤ ላይ ድረስ በራይድ ወጥተው ቀስ እያላችሁ ብትወርዱ ባለቤትዎም አይቸገሩም።

መነሻው የየካቲት 12 ሐውልት ይሁን። በ1929 ዓ.ም. የተፈጸመው ጭፍጨፋ በሐውልቱ ዙሪያ ተቀርጿል፤ ቀርበው ፊቶቹን አንድ በአንድ ይመልከቱ። ከዚያ ወደ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ይግቡ። የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ያለው በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ሲሆን፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መኝታ ቤት ዛሬም ይጎበኛል፤ የታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ ታግተው የነበሩት ሹማምንት የተረሸኑትም እዚሁ ሕንፃ ውስጥ ነው። ደጁ ላይ ፋሺስቶች ለሥልጣን ዘመናቸው መታሰቢያ የሠሩት፣ የትም የማያደርስ የድንጋይ ደረጃ አለ፤ ከድል በኋላ አናቱ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀምጦበታል። ለእኔ ከከተማዋ ሐውልቶች ሁሉ ይህን የሚያህል የለም፤ ሳይፈርስ መልስ ተሰጥቶበታልና።

አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ ድንቅነሽን ታገኛላችሁ። በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘች፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረች ናት።

መልስ፦ አራዳ ያደገ

እሑድንም በዚሁ ዘዴ ቁልቁል ይሂዱ። ቅዳሴ ካበቃ በኋላ ከአራዳ ቅዱስ ጊዮርጊስ ይጀምሩ። ለአድዋ ድል መታሰቢያ የተሠራ ባለ ስምንት ማዕዘን ቤተ ክርስቲያን ሲሆን፣ ንግሥት ዘውዲቱም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ዘውድ የጫኑት እዚያ ነው። ከፊቱ የአፄ ምኒልክ ሐውልት፣ እዚያው አጠገብ ደግሞ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው የአድዋ ድል መታሰቢያ አለ። በዚያው ዓመት የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች አብዛኞቹ ስለፈረሱ፣ በድሮ ፎቶግራፍ የምታውቋትን ፒያሳ አትጠብቁ፤ ይህን ስጽፍ እንኳ ሆዴ ይባባል። ከዚያ በቸርችል ጎዳና ስትወርዱ ትግላችን ሐውልትን አልፋችሁ ማረፊያችሁ ደጅ ካለው የድንጋይ አንበሳ ትደርሳላችሁ።

መልስ፦ እታለም

በብዙው እስማማለሁ፤ አንድነት ፓርክ ይቅር መባሉን ግን አልቀበልም። ፓርኩ ያለው በምኒልክ ቤተ መንግሥት ግቢ ስለሆነ፣ የታሪክ መምህር ምኒልክ ግብር ያበሉበትን አዳራሽና ደርግ የንጉሡን ሹማምንት ያሰረበትን ምድር ቤት ሳያይ ሊመለስ አይገባም። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. የተረሸኑት ስልሳዎቹ መታሰቢያቸው በሥላሴ ቅጥር ግቢ ስለሆነ፣ ሁለቱን ቦታዎች ያየ ሰው ታሪኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይረዳዋል። በሥላሴ የአፄ ኃይለ ሥላሴና የእቴጌ መነን መቃብር፣ በታእካ ነገሥት በዓታ ደግሞ የምኒልክ፣ የጣይቱና የዘውዲቱ መቃብር አለ።

ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት ከሙዚየሙ በኋላ ሥላሴን፣ እሑድ ከሰዓት ደግሞ አንድነት ፓርክንና በዓታን ይያዙ። ባለቤትዎ ነጠላና በቀላሉ የሚወልቅ ጫማ ይያዙ። የበዓታ መቃብር ምድር ቤት ስለሆነ የሚወረድበት ደረጃ አለው፤ ወንድሜ፣ እጃቸውን ይዘው ቀስ ብለው ያውርዷቸው።

ከጠያቂው፦

እግዚአብሔር ይስጥልን። እንጦጦንና መርካቶን ሰርዘናል፤ አንድነት ፓርክን ግን ባለቤቴ «አይሰረዝም» ብላለች።