ማፊያ 3 ላይ አንድ አይነት ሚሽን ሰለቸኝ፣ ልቀጥል ወይስ ልተወው?

ሌሊት_ወፍ፦
ሰላም ጌመሮች። ማፊያ 3ን ሰሞኑን ነው የጀመርኩት። መግቢያው ይነፋል ብቻ አይባልም፣ 1968 ኒው ቦርዶ የምትባለው የፈጠራ ከተማ፣ የምንጫወትበት ሊንከን ክሌይ ከቬትናም ተመልሶ ያ የባንክ ዘረፋ ከዛ ክህደቱ፣ ዘፈኖቹ ራሱ፣ ቁጭ ብዬ ነው ያነጋሁት። ከዛ በኋላ ግን ምን ነካቸው? አንዱ ሰፈር ትሄዳለህ፣ ሰው ታናግራለህ፣ እቃ ትሰብራለህ፣ ጠባቂ ትገላለህ፣ ብር ትወስዳለህ፣ ገቢያቸው ሲሟጠጥ አለቃው ብቅ ይላል፣ ወይ ትገለዋለህ ወይ ላንተ እንዲሰራ ታደርገዋለህ። አለቀ ስትል ሌላ ሰፈር እንደገና ከሀ። አለቃው የሚገኝበት ቤት ደሞ ቅድም ያጸዳሁት ቤት ነው እኮ! ወደፊት ይቀየራል ወይስ እስከ መጨረሻው እንዲሁ ነው? ኦፕን ዎርልድ (ከተማውን በነጻነት የምትዞርበት ጌም) ሁሉ እንዲህ ከሆነ ወደ ፊፋዬ ልመለስ።

አባ_ሴቭ፦
አይቀየርም ብሮ ቁርጥህን እወቅ 😂 ግን አትተወው። እያንዳንዱ ሰፈር መጨረሻ ላይ ያለው ትልቁ ሰውዬ ሚሽን ለብቻው የተሰራ ነው፣ ባሮን ሳተርዴይ የሚባለው የተተወ መዝናኛ ፓርክ ውስጥ ሪቺ ዱሴን ስታድነው ትዝ ካለህ እንደዛ አይነት፣ ከትልልቆቹ አለቆች አንዱ አንክል ሉ ጋ ስትደርስ ደሞ ታመሰግነኛለህ። ፊውዝ እየለቀሙ ስልክ መጥለፉን እርሳው ግዴታ አይደለም። ሌላው፣ ጥግ ይዘህ እያፏጨህ ጠባቂዎቹን አንድ በአንድ እየጠራህ የምትጥል ከሆነ አቁም፣ ያ ነው የገደለህ። ሁሌ ስለሚሰራ ሌላ ነገር አትሞክርም። በሩን ሰብረህ ተኩስ።

ቀዩ_ጆይስቲክ፦
ይሄ ነገር የማፊያ ብቻ አይደለም፣ በ2007 የወጣውን የመጀመሪያውን አሳሲንስ ክሪድ የተጫወተ ያውቀዋል። የምትጫወትበት ገዳይ አልታይር 9 ሰው ይገላል፣ ከእያንዳንዱ በፊት ግን ደማስቆም ሁን ኢየሩሳሌም ያው ነው፣ ማማ ላይ ትወጣለህ፣ አግዳሚ ላይ ተቀምጠህ ወሬ ትሰማለህ፣ ኪስ ታወልቃለህ፣ አንዱን ደብድበህ ታናዝዘዋለህ። ፋር ክራይ 3 ላይ ደሞ የሬድዮ ማማ እና የጠላት ካምፕ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ ማፑ ትልቅ እንዲሆን ይፈለጋል፣ ድምጽ፣ ካትሲን (በመሃል እንደ ፊልም የሚታየው) ምናምን ያለው ሚሽን ደሞ ውድ ነው፣ ስለዚህ አንዴ የተሰራው ቦታ እየተቀያየረ ይደገማል። ማፊያን የሚለየው ሌላው ጌም ላይ ብዙ ጊዜ እንደ ሳይድ ሚሽን የምታልፈውን ዋናው ስቶሪ በር ላይ መገተሩ ነው። ሳትጨርሰው አያሳልፍህም።

ቲጂ_ፒኤስ፦
እኔ በዚህ አልስማማም፣ መደጋገሙ ብቻውን ምንም ማለት አይደለም። ፊፋስ? ያው 11 ለ 11 አይደለም እንዴ ሁሌ? ግን ጀለስህ ዛሬ ያገባብህን ነገ እየነገረ ያበሽቅሃል፣ ለዛ ነው የማይሰለቸው። በ2014 የወጣውን ሻዶው ኦፍ ሞርዶርን እየው፣ ስራው ኦርክ (የጌሙ ጭራቅ ወታደሮች) መግደል ነው በቃ ሌላ የለውም። ግን አንዱ ተራ ኦርክ ከገደለህ ማዕረግ ያገኛል፣ በሌላ ቀን ስታገኘው ስላቅ እየተናገረ ይመጣል፣ አቃጥለኸው ከተረፈ ፊቱ ተጠብሶ ይመለሳል ቂም ይዞ። እኔ አንዱን ስም አውጥቼለት ነበር ምን ያህል እንደጠላሁት 😅 ማፊያ ላይ ግን የደበደብከው ሰውዬ ነገ ማን እንደሆንክ አያውቅም፣ ሰፈሩን ሁሉ ብትገለብጠው ከተማው አይሰማውም።

ሌሊት_ወፍ፦
የፊፋዋ ገባችኝ ቲጂ። እሺ አባ ሴቭ፣ ፉጨቱን ትቼ እስከ አንክል ሉ ልሂድና ካልሆነ ሞርዶርን አወርዳለሁ።

ኪያ_21፦
ሞርዶር ፒኤስ 3 ላይ ይሰራል?

ቲጂ_ፒኤስ፦
ወጥቷል ግን ያልኩህ የኦርኮቹ ነገር ተቀንሶ ነው የመጣው፣ ፒኤስ 4 ያለው ሰው ፈልግ።