ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም፣ የሚቆራረጥ እንቅልፍና ወደ ንጋት የሚመጣ ቅዠት

የበኩር ልጅ (አዲስ አበባ)፦
ጤና ይስጥልኝ። እናቴ 68 ዓመቷ ነው። ሲጋራ አጭሳ አታውቅም፤ ነገር ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ጭስ ማውጫ በሌለው ማድ ቤት በእንጨትና በኩበት እንጀራ ስትጋግር ኖራለች፤ ሐኪሞችም ሲኦፒዲ የሚባለው የአየር ቧንቧን የሚያጠብ ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ እንዳለባት ነግረውናል። ቀን ቀን በአፍ በሚሳበው መድኃኒት ደኅና ናት፤ ያስቸገረን ሌሊቱ ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ግድም ጀምሮ እየቃዠች ትነቃለች፤ ባሕር ውስጥ ስትሰጥም፣ አንዳንዴም ጭስ በሞላው ቤት ተዘግቶባት መጮኽ ሲያቅታት ታያለች። ጠዋት ራሷን ያማታል። አሁን አሁን መተኛቱ ራሱ ስለሚያስፈራት መቁጠሪያዋን ይዛ ተቀምጣ ታነጋለች። ጎረቤቶች ዱካክ ስለሆነ ጠበል ውሰዷት ይላሉ፤ አንድ ዘመዳችን ደግሞ የእንቅልፍ ኪኒን ገዝቼ እንድሰጣት መክሮኛል። ሕልሙ ከሳንባዋ ጋር ይያያዝ ይሆን? ኪኒኑስ ጉዳት አለው?

ነርስ፣ የደረት ሕክምና ክፍል፦
ከኪኒኑ ልጀምር፤ እርሱ ጊዜ አይሰጥምና። ሐኪማቸው ሳያውቅ አይስጧቸው። ዲያዜፓምና መሰሎቹ የእንቅልፍ ኪኒኖች አተነፋፈስን ያዳክማሉ፤ ሳንባው አስቀድሞ የተጎዳ ሰው ደግሞ ያችን ቅናሽ የሚሸከምበት አቅም የለውም። «ለእንቅልፍ ይረዳል» ተብሎ የሚቀመሰው አረቄም ያንኑ ያደርጋል።

ሕልሙ ከሳንባቸው ጋር ሊያያዝ ይችላል። ሕልም በብዛት በሚታይበት የእንቅልፍ ክፍል የሰውነት ጡንቻዎች ይዝላሉ፤ በጎድን አጥንቶች መካከል ያሉትም ሥራቸውን ስለሚቀንሱ መተንፈሱ ደረትንና ሆድን በሚለየው ጡንቻ፣ በድያፍራም ላይ ይወድቃል። ጤነኛ ሰው ይህን ሳይታወቀው ያልፋል። ሲኦፒዲ ባለበት ሰው ግን አየሩ በደንብ ስለማይወጣ ሳንባው እንደተነፋ ይቀራል፣ ድያፍራሙም ወደ ታች ተገፍቶ ስለሚጠፈጠፍ በሙሉ ኃይሉ ሊስብ አይችልም። በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይበልጥ የሚያሽቆለቁለውና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚጠራቀመው በዚህ ጊዜ ነው። ይህ የእንቅልፍ ክፍል ወደ ንጋት እየረዘመ ስለሚሄድ፣ እናትዎን ከ9 ሰዓት በኋላ መያዙ በአጋጣሚ አይመስለኝም፤ አየር ያጠረው ሰው መስጠምንና መታፈንን ቢያልምም አያስደንቅም። የጠዋቱን ራስ ምታት ለሐኪማቸው ሳይነግሩ እንዳይቀሩ፤ የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠራቀም ምልክት ሊሆን ይችላል።

ቀን በጣታቸው ላይ የሚደረገው መለኪያ ጥሩ ቁጥር ማሳየቱ ለሌሊቱ ዋስትና ስለማይሆን፣ ኦክስጅናቸው ተኝተው ሳሉ እንዲለካ ይጠይቁ። ያንኮራፋሉ? ትንፋሻቸው ቆም ብሎ በድንገት እንደ ማነቅ እያለ ይመለሳል? ምን ምን መድኃኒት በስንት ሰዓት ይወስዳሉ?

ታማሚ ነኝ (ሜሪላንድ)፦
እኔም ይኸው በሽታ አለብኝ። ስለ መድኃኒት ሰዓት የተነሣው ጥያቄ ትክክለኛ ነው፤ ብዙ ሰው ቅዠትን ከመድኃኒት ጋር አያገናኘውም። የአየር ቧንቧን እብጠት የሚቀንሰው ፕሬድኒሶሎን እንቅልፍ ስለሚነሳ አብዛኛውን ጊዜ ጠዋት ከምግብ ጋር እንዲወሰድ ይታዘዛል። ለአስም የሚሰጠው ሞንቴሉካስትም ቅዠትን ጨምሮ በአእምሮ ላይ በሚያመጣው ችግር ምክንያት የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2020 እ.ኤ.አ. ጠንከር ያለ ማስጠንቀቂያ እንዲለጠፍበት አድርጓል። ሲጋራ ለማቆም የሚለጠፈው ኒኮቲን እንኳ ሌሊት ካልተነሳ ሕልምን ያበዛል።

ለእኔ ከሁሉ የጠቀመኝ ፍርሃቱን ማብረድ ነው። ደንግጬ ስነቃ አልተኛም፤ እግሬን መሬት አስነክቼ፣ ክርኖቼን ጉልበቴ ላይ አሳርፌ ወደ ፊት አዘነብላለሁ፤ በአፍንጫዬ ስቤ ከንፈሬን እንደ ማፏጨት አሞጥሙጬ በቀስታ አስወጣለሁ። የሚደጋገመውን ሕልም ደግሞ ቀን ላይ፣ ፍጻሜውን ለውጬ በሐሳቤ እደግመዋለሁ፤ ይህ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች የሚያስተምሩት መንገድ ነው። እናትዎ በሩ ተከፍቶ ከጭሱ ወጥተው ደጅ ሲቀመጡ አድርገው ቢያስቡትስ?

የበኩር ልጅ፦
ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የመድኃኒት ከረጢቷን አውጥቼ አየሁ፤ ከሚሳበው ሌላ ቴኦፊሊን የሚባል የአየር ቧንቧን የሚከፍት ኪኒን አለ፣ ሁለተኛውን ኪኒን የምትወስደው ልትተኛ ስትል ነው። አታንኮራፋም። እግሯ ግን ማታ ማታ ያብጣል። ኦክስጅን ተከራይቼ ቤት ባስገባላትስ?

ነርስ፣ የደረት ሕክምና ክፍል፦
ቴኦፊሊን እንቅልፍ ይነሳል፣ ልብንም ያስመታል፤ የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ እንዲመለስ ስለሚያደርግም ሌሊት ሊያስላቸው ይችላል። ሆኖም እርስዎ አያቋርጡት፤ ሰዓቱን ወይም መጠኑን የሚቀይረው ሐኪሙ ነው። እስከዚያው ራት ቀደም ብለው ይብሉ፣ ትራሱ ከፍ ይበል፣ የከሰሉ ምድጃና የእጣኑ ጭስም ከመኝታ ክፍላቸው ይራቅ።

የእግሩ እብጠት ልብ እየተጫነ መሆኑን ሊያመለክት ስለሚችል ቀጠሮውን ወደዚህ ሳምንት ያምጡት። ኦክስጅንን በግምት መክፈት ግን አይገባም። እንዲህ ላሉ ታማሚዎች ብዙውን ጊዜ የሚፈለገው በጣት ላይ የሚለካው የደም ኦክስጅን ከ88 እስከ 92 በመቶ እንዲሆን ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ በአንዳንዶቹ ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይብስበታል። ጠበሉን አልቃወምም፤ ልባቸውን የሚያሳርፍ ከሆነ ይሂዱ፣ መድኃኒታቸውን ግን አብረው ይያዙ። ከንፈራቸው ከጠቆረ፣ ንግግራቸው ከተምታታ ወይም ጠዋት ለማንቃት ካስቸገሩ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው።